ፍሪሲዮን፤ የአንድ እልከኛ ዕቃ ታሪክ ከቤተ መንግሥት እስከ አረካ ግቢ

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ሁለት ነገሮች ተፈጸሙ። አንደኛው፣ ቤድ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌ የምትባለውን አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ፣ በረሃውንና ዐቀበቱን ተሻግሮ ለዐፄ ምኒልክ ማስረከቡ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ሙያተኛን በሙያው ምክንያት መስደብና ማዋረድ እንዲቀር ያወጡት አዋጅ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ ለአገር የሚጠቅም ሠራተኛ መሆኑን አዋጁ አስታውሶ፣ ሰዳቢው ከስድቡ እንዲታቀብ ያዝዛል።

ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው ሊባል ይቻላል። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ከመቶ ዓመት በላይ የሆነ ዘመን መለስ ብሎ ለሚመለከት ሰው፣ መኪናይቱና አዋጁ እኩል መንገድ እንዳልተጓዙ ግልጽ ሆኖ ይታያል። መኪናይቱ በየአውራጃው ደርሳለች፤ አዋጁ ግን ብዙ ቦታ ላይ ከወረቀት አልፎ ወደ ሰው ልብ ለመግባት ዘግይቷል። ይህን ልዩነት ለመረዳት ትልልቁን ነገር መመርመር አያስፈልግም። ከመኪናው ሆድ ውስጥ አንድ ትንሽ ዕቃ መርጦ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን ስም እንዳወጣለትና ሲበላሽ ማን እንደሚያድሰው መከተል ይበቃል። ይህ ጽሑፍ የመረጠው ዕቃ ፍሪሲዮን ነው።

ከቆዳ ሾጣጣ ወደ ጠፍጣፋ ሳህን

የፍሪሲዮን ጥቅም በአጭሩ ሊገለጽ ይችላል። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ቆሞ ሳለ ጉልበት የለውም፤ ጉልበት የሚያገኘው መዞር ከጀመረ በኋላ ነው። መኪናው ግን ከቆመበት መነሣት አለበት። የሚዞረውንና የቆመውን በአንድ ጊዜ ቢያጋጥሟቸው ወይ ሞተሩ ይጠፋል፣ ወይ አንድ ነገር ይሰበራል። ስለዚህ በመካከላቸው ሆኖ ሁለቱን ቀስ በቀስ የሚያስማማ፣ ሲፈለግም ፈጽሞ የሚያለያይ አስታራቂ ዕቃ ያስፈልጋል። የማስታረቁም ሥራ የሚከናወነው በሰበቃ ኃይል ነው።

ቤንትሌ በመጣበት ዘመን አብዛኞቹ መኪናዎች ለዚህ ተግባር የሚጠቀሙት በቆዳ የተለበጠ ሾጣጣ ብረት ነበር። ሾጣጣው በሞተሩ መዘውር ውስጥ በተቦረቦረ ተመሳሳይ ጎድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲጣበቅ መኪናው ይሄዳል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ከጎድጓዱ ይወጣል። ቆዳው ሲደርቅ መኪናው በድንገት እየዘለለ ይነሣል፤ ዘይት ሲነካው ደግሞ ይንሸራተታል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሾፌሮች የደረቀውን ቆዳ በጉሎ ዘይት ያለሰልሱት፣ የሚንሸራተተውን ደግሞ ዘይት በሚመጥ የአፈር ዱቄት ያደርቁት ነበር። ጉሎን በጓሮው የሚያውቅ የኢትዮጵያ ገበሬና ቆዳ ማልፋትን ከአባቱ የተማረ ፋቂ ያን ሾጣጣ ቢያዩት ኖሮ ባዕድ ነገር ባልሆነባቸውም ነበር። የዘመኑ እጅግ አዲስ መሣሪያ ልብ የሚሠራው እነርሱ በሚያውቁት ቆዳና ዘይት ነበርና።

ከቆዳ የተሻለ ነገር ፍለጋው ግን ቀድሞ ተጀምሯል። ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1897 የመሠረተው፣ ኋላም ፌሮዶ ተብሎ የታወቀው ድርጅት፣ መነሻው የጋሪ ነጂዎች ቁልቁለት ላይ መንኮራኩሩን ለመያዝ አሮጌ ጫማ ከፍሬኑ እንጨት ላይ ይቸነክሩ እንደነበረ ማስተዋሉ ነው ይባላል። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ዐሥርታት የአስቤስቶስ ክር ከሙጫ ጋር ተዋሕዶ የሚሠራው ልባጥ ቆዳውን ተካ። በኢትዮጵያ ጋራዦች ሸራ የሚባለው ይኸው ነው። ሾጣጣውም ቀስ በቀስ ቀርቶ፣ ሁለት ፊቱ በሸራ የተለበጠ አንድ ጠፍጣፋ ሳህን በመዘውሩና በተጫኙ ብረት መካከል እየተጨመቀ የሚሠራበት ዘዴ ሰፈነ። የሚጫኑት መጀመሪያ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ሞላዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ግን እንደ ሰፌድ የተቆለመመ አንድ ስንጥቅጥቅ የብረት ሞላ ቦታቸውን መያዝ ጀመረ፤ ዛሬም በአብዛኞቹ መኪናዎች የሚገኘው እርሱ ነው።

የኃይሉን መጠን ለመገመት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። የአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል 100 ኒውተን ሜትር ነው እንበል። የሸራው የሰበቃ መጠን 0.3፣ የሳህኑ አማካይ ሬዲየስ 75 ሚሊ ሜትር፣ የሚሠሩትም ፊቶች ሁለት ናቸው። ይህን ኃይል ሳይንሸራተቱ ለማስተላለፍ የሚያስፈልገው ጭነት ከ2,200 ኒውተን በላይ፣ ማለትም 227 ኪሎ ያህል ክብደት ይሆናል። ለጥንቃቄ አንድ ተኩል እጥፍ ቢታሰብለት 340 ኪሎ ይደርሳል። ሾፌሩ በእግሩ ጫፍ ሲረግጥ የሚያነሣው ይህን ያህል ጭነት ነው። የፔዳሉና የሹካው የማንሻ ርዝመት ያቀልለታል እንጂ፣ ከውስጥ የታመቀው ኃይል ቀላል አይደለም።

ስሙን ያወጣው ማን ነው?

የመኪና ቃላት በአማርኛ ውስጥ እንደ አፈር ንጣፍ ተደራርበው ይገኛሉ። ሾፌርና ጋራዥ የፈረንሳይኛውን ንጣፍ ያሳያሉ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ኋላም አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከዕቃው ጋር ቃሉም አብሮ እንደ ተጫነ መገመት አያዳግትም። ከዚህ በላይ ያለው ንጣፍ የጣሊያንኛው ነው፤ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ቡሎን፣ ሮንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ። ፍሪሲዮንም ከዚሁ ወገን ነው። በጣሊያንኛ ቃሉ ሰበቃ ማለት ሲሆን፣ ሥሩ ማሸት ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን የፋሺስት መንግሥት ለጦሩ መመላለሻ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ፣ ወደ ጅማና ወደ ነቀምቴ የሚሄዱ መንገዶችን አሠራ። በጠርማ በር ተራራው ተፈልፍሎ መተላለፊያ ተበጀለት። በእነዚህ መንገዶች ላይ ፊያትና ላንቻ የጭነት መኪናዎች ያለ ዕረፍት ተመላለሱ። በዚያ ሁሉ ሥራ ላይ በረዳትነትና በጉልበት ሠራተኝነት የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከመኪናው ጋር የተዋወቁት በትምህርት ቤት አልነበረም። ቁልፍ ሲያቀብሉ፣ ዘይት ሲቀዱ፣ ከመኪናው ሥር ተኝተው ፋኖስ ሲይዙ ነው የተዋወቁት። ወረራው ሲያከትም ወራሪው ወጣ፤ አንዳንድ ጣሊያናውያን መካኒኮች ግን በአገሩ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፤ ኢትዮጵያውያኑም ረዳቶች በተራቸው ረዳት ያዙ። ቃላቱ በዚህ መንገድ ከአፍ ወደ አፍ ተላልፈው አማርኛ ሆኑ።

ሦስተኛው ንጣፍ እንግሊዝኛ ነው። ከነፃነት በኋላ ብዙ ሳይቆይ የተከፈተው ተግባረ ዕድ፣ በ1940ዎቹ የተቋቋመው የምሕንድስና ኮሌጅ፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ያስተማሩት በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ዕቃው ክላች ይባላል። ስለሆነም ዛሬም ድረስ አንዱ ዕቃ ሁለት ስም አለው። በመማሪያ ክፍል ክላች፣ በጋራዥ ፍሪሲዮን ነው። ነገሩ የቃል ልዩነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበም። ነገር ግን ክላች የሚለው የሰበቃውን ቀመር ያውቃል፣ እጁን ግን ግራሶ አይነካውም። ፍሪሲዮን የሚለው ደግሞ ዕቃውን በጨለማ ፈትቶ ይገጥማል፣ የሚሠራውን ግን በወረቀት አስፍሮ ለሌላው የሚያስተላልፍበት መንገድ አልተከፈተለትም። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ርቀት በኮሌጁና በጋራዡ መካከል ያለው ርቀት ነው።

መንገዱ ወላይታ ሲደርስ

አረካ ከሆሳዕና ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በቦሎሶ ሶሬ፣ ከሶዶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የወላይታ ከተማ ናት። ዙሪያዋ በእንሰት የተከበበ፣ ሕዝቡ የበዛበት፣ መሬቱ በትናንሽ ማሳ የተከፋፈለ ቀይ አፈር አገር ነው።

የአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ከጦርነቱ በኋላ የታደሱት በዕቅድ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ፣ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ የተመደበው ለዚሁ ለመንገድ ሥራ ነበር። ወላይታን በተለይ የነካው ምዕራፍ ግን በ1962 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ዋዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱን ሶዶ ላይ ያደረገው ይህ ድርጅት በዓለም ባንክ ብድር እየታገዘ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው ሲያደርስ፣ መጋቢ መንገዶችንም ያስጠርግ ነበር። መንገድ ባለበት መኪና ይመጣል፤ መኪና በመጣበትም ብልሽት ይከተላል።

እዚህ ላይ የ1900ው አዋጅ ጉዳይ ተመልሶ ይነሣል። በወላይታ፣ እንደ ሌሎቹ የደቡብ አገሮች ሁሉ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ከገበሬው ጋር በጋብቻ የማይገናኙ፣ በኑሮም የተገለሉ ወገኖች ነበሩ። ገበሬው የሚቆፍርበት፣ የሚያጭድበትና እንሰቱን የሚቆርጥበት ብረት ሁሉ ከቀጥቃጩ እጅ ይወጣል፤ ሠሪው ግን ከገበሬው ማዕድ አይቀርብም። ብረትን በእሳት አለስልሶ ቅርጽ የሚያስይዝ፣ መቼ እንደሚጠነክርና መቼ እንደሚሰበር ከቀለሙ የሚለይ ዕውቀት በዚህ ምክንያት ከጥቂት ቤተ ሰቦች ክልል ሳይወጣ ኖረ። መኪናው ሲመጣ የአገሩ ብረት ዐዋቂ በመጀመሪያ የሚጠራ ባለሙያ መሆን ሲገባው፣ ማንም አልጠራውም። ጋራዡ የተወለደው ከምድጃው ተለይቶ ነው።

ይሁንና መኪናው ራሱ፣ ሳያስበው፣ አንድ በጎ ነገር አደረገ። ብረት መንካትን ከዘር ስም አላቀቀው። የገበሬ ልጅም፣ የነጋዴ ልጅም፣ የአስተማሪ ልጅም ከመኪና ሥር ሲተኛ መካኒክ ተባለ እንጂ የድሮው የስድብ ስም አልተሰጠውም። አዋጁ በቃል ያዘዘውን ግራሶ የነካው ሱሪ በተግባር ጀመረው። የተጀመረው ግን ገና አልተፈጸመም፤ ልጁ በትምህርቱ ሲሰንፍ ጋራዥ እንደሚገባ በማስፈራሪያ መልክ የሚነግሩ ወላጆች ዛሬም አሉና።

በግቢ ውስጥ የሚደረግ ጥገና

ከትልቅ ከተማ ራቅ ብሎ በሚኖር ባለ መኪና ዘንድ የፍሪሲዮን ሥራ በገዛ ግቢው ውስጥ ሊከናወን ይችላል። እንበልና አንድ አስተማሪ ወይም አንድ ነጋዴ በአረካ ከተማ አሮጌ ላዳ አለው። ላዳ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሶቭየት ኅብረት የተመረተች፣ ንድፏ ግን ከፊያት 124 የተወሰደ መኪና ናት። ስለዚህም በደርግ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ስትገባ የጋራዡ የጣሊያን ቃላት እንደ ልኳ የተሰፋ ልብስ ገጠሟት። ዐቀበት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም፤ ሸራው አልቋል ማለት ነው። የወንድሙ ልጅ፣ አንድ ጎረቤትና ከአውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ የመጣ አንድ መካኒክ ይሰበሰባሉ። መኪናው በክሪክ ይነሣና ከሥሩ ጠንካራ ግንድ ይደረግለታል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ስንት ሰው እንዳስቀጠፈ የሚያውቅ መካኒክ ግንዱን ሳያይ አይተኛም።

ካምቢዮው ተፈትቶ ይወርዳል። ተጫኙ ሳህን ሲፈታ ያለቀው ዲስክ ከእጅ ላይ ይወድቃል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ድካም እንጂ ጥበብ አይፈልግም። ጥበቡ የሚጀምረው በሁለት እልከኛ ዕቃዎች ላይ ነው።

የመጀመሪያዋ እልከኛ በሞተሩ ዘንግ ጫፍ፣ በመዘውሩ እምብርት ውስጥ የተቀመጠችው ትንሿ ኩሽኔታ ናት። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው በእርሷ ላይ ስለሆነ ከተበላች መለወጥ አለባት፤ ነገር ግን ከኋላዋ መግቢያ የለምና ካቻቢቴ አያወጣትም። በመዶሻና በመሮ የሚታገላት ሰው ዘንጉን ይጎዳል። ዐዋቂው መካኒክ ግን በኩሽኔታዋ ቀዳዳ በኩል ከኋላዋ ያለውን ባዶ ቦታ በግራሶ ይሞላና፣ ልክ በቀዳዳው የሚገባ ዘንግ ሰክቶ በመዶሻ ይመታዋል። ግራሶው መሄጃ ሲያጣ ኩሽኔታዋን ከኋላ ገፍቶ ያወጣታል። ግራሶው በኳሶቹ መካከል ሾልኮ ካስቸገረ እርጥብ ወረቀት ወይም የዳቦ ልብ ይተካዋል።

ይህ ዘዴ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ፓስካል ካስተማረው የፈሳሽ ግፊት ሕግ የተለየ አይደለም። የሚመታው ዘንግ ውፍረት 15 ሚሊ ሜትር፣ የኩሽኔታዋ የውጭ ስፋት 35 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ግራሶው የሚገፋው ስፋት ዘንጉ ከሚጫነው ስፋት 4.4 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የመዶሻው ኃይል ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ኩሽኔታዋ ላይ ይደርሳል፤ ያውም በአንድ ጎን ሳያጋድል በዙሪያዋ ሁሉ እኩል ተከፋፍሎ። የቁልፍ መያዣ መሳቢያ ውስጥ የዚህ ሥራ ልዩ መሣሪያ ባይገኝም፣ ሕጉ ግን በግራሶ ቆርቆሮ ውስጥ ይገኛል።

ሁለተኛው እልከኛ የካምቢዮው ዘንግ ነው። አዲሱ ዲስክ በመዘውሩና በተጫኙ ሳህን መካከል ሲታሰር በዓይን የተስተካከለ ይመስላል፤ ሆኖም ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ሊታሰር ይችላል። ካምቢዮው ተነሥቶ ሲገፋ ዘንጉ ጥርሶቹን አልፎ ይገባል፣ ከዚያም የጣት ውፍረት ያህል ሲቀረው ቆሞ ይቀራል። የዘንጉ ጫፍ ከትንሿ ኩሽኔታ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ነው። ከሥር የተኛው ሰው 30 ኪሎ ያህል ብረት በደረቱ ላይ ይዞ፣ ላብ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ካምቢዮው አልገባም ይላል።

የዚህ ታሪክ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ከላይ የቆመው ሰው በትዕግሥት ማጣት አንድ ምክር ያመጣል፤ ቡሎኖቹን አስገብቶ በቁልፍ እያጠበቁ መሳብ። ቡሎኑ በእርግጥ ይስባል፤ ሁለቱም ብረቶች ይገጥማሉ፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን የገጠመው የዲስኩን እምብርት አጣሞ፣ ወይም የካምቢዮውን ጆሮ ሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ካምቢዮው በዘንጉ ላይ ተንጠልጥሎ ለደቂቃዎች ቢቆይ እንኳ ክብደቱ ብቻውን ዲስኩን ለማጣመም ይበቃል። ከሳምንት በኋላ ማርሹ እየጮኸ አልገባ ይላል፤ ሥራውም እንደ ገና ከሀ ይጀመራል፤ ለዚያውም ለሁለተኛ ዲስክ ገንዘብ ተፈልጎ።

የአሮጌው መካኒክ መልስ ሌላ ነው። ካምቢዮውን መልሶ ያወርዳል። ከወይራ እንጨት አንድ ዘንግ ይቀርጻል፤ ጫፉን በትንሿ ኩሽኔታ ቀዳዳ ልክ፣ ወገቡን በዲስኩ እምብርት ልክ በቢላ ያበጀውና በጠርሙስ ስባሪ እየላጨ ያለሰልሰዋል። የተጫኙን ሳህን ቡሎኖች ያላላና እንጨቱን ያስገባል፤ ዲስኩም በእንጨቱ ላይ ተቀምጦ መሐሉን ያገኛል። ቡሎኖቹን ባንድ ወገን ሳይሆን በአንጻር በአንጻሩ፣ ጥቂት በጥቂቱ እያዞረ ያጠብቃል፤ ይህ ካልሆነ ሳህኑ ይወላገዳልና። ከዚያ እንጨቱን ይነቅላል። ካምቢዮውን ማርሽ አስገብቶ ያነሣዋል፤ የኋላ ዘንጉን በእጁ ቀስ እያለ ሲያዞር የጥርሶቹ መንገድ ይገናኛል። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም እኩል መሆኑን በጣቱ ይለካል። ሲገባ ድምፅ የለውም፤ ተንሸራትቶ ገብቶ ይጋጠማል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ከካምቢዮ ሥር ተኝቶ ለሚሰማው ሰው ትክክለኛ የቴክኒክ መመሪያ ነው።

በመሐንዲስ ቋንቋ ሲነገር፣ መካኒኩ ያደረገው የማዕከል መስመርን ማስተካከል፣ ጭነትን በዙሪያው እኩል ማከፋፈልና ከኃይል በፊት ልኬትን ማስቀደም ነው። እነዚህ ሦስቱም በምሕንድስና ኮሌጅ በየትምህርቱ የሚነገሩ መርሆች ናቸው። ልዩነቱ፣ እርሱ የተማራቸው በተሰበሩ ዲስኮች ዋጋ መሆኑ ነው።

ያልተነገረው አቧራ

በዚህ ሁሉ ጥበብ ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለ፤ ጉድለቱም የመካኒኩ አይደለም። ያለቀ ፍሪሲዮን ሲፈታ ውስጡ በጥቁር አቧራ የተሞላ ነው። ባለሙያው ይህን አቧራ በአፉ እፍ ይለዋል ወይም በጎማ መንፊያ አየር ያስወጣዋል፤ አጠገቡ ያለው ልጅም ይስበዋል። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሸራ ይሠራ የነበረው በአስቤስቶስ እንደሆነ ከላይ ተገልጿል። የአስቤስቶስ ክር በሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር እንደሚያመጣ በሕክምና የተረጋገጠ ነው። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ አስቤስቶስ አጠቃቀም ስምምነት አውጥቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2005 ከሥራ ላይ አግደውታል።

በውጭ ምንዛሪ እጥረት ምክንያት መለዋወጫ በጠፋባቸው የደርግ ዓመታት ያለቀው ሸራ ከአሮጌው ዲስክ ላይ ተነቅሎ ሌላ ሸራ በሪቬት ሲመታበት፣ በመሞረድና በመቦርቦር የሚወጣው አቧራ ይበልጥ የበዛ ነበር። አገር መኪናዋን ሳታቆም ያለፈችው በእነዚያ ሰዎች ብልሃት ነው፤ ብልሃታቸው በሳንባቸው ላይ ያስከተለውን ዕዳ ግን የቆጠረላቸው የለም። መድኃኒቱ ውድ አልነበረም። አቧራውን በአየር ከመንፋት ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥሮ መጣል፣ ልጆችን ከአጠገብ ማራቅ ይበቃ ነበር። ይህን ቃል ከመጽሐፉ አውጥቶ ወደ ግቢው ማድረስ የሚገባው ክላች የሚለው ወገን ነበር። ከመካኒኩ የወይራውን እንጨት ዕውቀት ተቀብሎ፣ በምላሹ የእርጥቡን ጨርቅ ዕውቀት ቢሰጠው ኖሮ ልውውጡ ፍትሐዊ በሆነ ነበር።

የፍሪሲዮን ማታ

ዛሬ በአረካ ጎዳና ላይ የሚመላለሱት ባለ ሦስት እግር ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች የራሳቸው ፍሪሲዮን አላቸው፤ በዘይት ውስጥ የሚሠሩ፣ ተደራርበው የሚቀመጡ ትናንሽ ሳህኖች ናቸው። አንድ ወጣት ከዚህ ትንሽ ዕቃ ተነሥቶ ትልቁን ኢሱዙ እስከ መፍታት ይደርሳል። የቤት ጥገና ትምህርት ቤትነቱን አሁንም አልተወም።

ይሁን እንጂ የዕቃው ዘመን ራሱ ወደ ማምሸቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ኃይሉን መስጠት ስለሚችል አስታራቂ አያስፈልገውም። በውስጡ ሸራ የለም፣ ሹካ የለም፣ ትንሿ ኩሽኔታም የለችም። በአገሩ ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመት መታደሳቸው አይቀርም፤ በመጨረሻ ግን ፍሪሲዮን የሚለው ቃል፣ ዛሬ የቆዳው ሾጣጣ እንደ ተረሳ ሁሉ፣ የሚረሳበት ቀን ይመጣል።

አንድ ዕቃ በሌላ መተካቱ የሚያሳዝን አይደለም፤ የቴክኒክ ታሪክ ሁሉ ይኸው ነው። የሚያሳስበው፣ ከዕቃው ጋር አብሮ ሊሄድ የሚችለው ልማድ ነው። አዲሱ መኪና ሲበላሽ የሚጠይቀው ሌላ ዕውቀት ነው። የባትሪው የኤሌክትሪክ ግፊት ብዙ መቶ ቮልት ስለሚደርስ፣ ሳያውቅ የሚነካውን ሰው ሊገድል ይችላል፤ የወይራ እንጨትና የግራሶ ቆርቆሮ አያድኑትም። ያ መኪና አረካ ሲደርስ እንደ ቀድሞው የሚጠብቀው አንድ ግቢ፣ አንድ ግንድ፣ ተሰብስበው የሚመለከቱ ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። እነርሱም እንደ ቀድሞው ለማወቅ ይሞክራሉ። ካልተማሩ ግን የዚህ ጊዜው ዋጋ የተጣመመ ዲስክ አይሆንም።

ስለዚህ በ1900 ዓ.ም. በአንድ ላይ የተነሡት መኪናይቱና አዋጁ፣ ዛሬ አንድ ዘመን አልቆ ሌላው ሲጀመር እንደ ገና ጎን ለጎን ቆመዋል። ያኔ መኪናይቱ ቀደመች፣ ለእጅ ሙያ የሚገባው ክብር ወደ ኋላ ቀረ፤ በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታም በሁለት ስም በሚጠራ አንድ ዕቃ ተሞልቶ ኖረ። በዚህ ጊዜ አዲሱ መኪና የገጠር ከተሞችን ሳያጥለቀልቅ፣ የሙያ ማኅበር አባላት የሆኑ መሐንዲሶች በሚገባ አማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ፣ በወላይታም በወላይትኛ፣ አጭር የጥገናና የጥንቃቄ መመሪያ አዘጋጅተው ወደየጋራዡ ቢወስዱ፣ ሲመለሱም ከዚያ የሚማሩትን ጽፈው ቢይዙ፣ የአንድ መቶ ዓመት ዕዳ መከፈል ይጀምራል።

የፍሪሲዮን ሥራ የሚዞረውንና የቆመውን ሳይሰባብር ማስታረቅ ነው። በኮሌጁና በጋራዡ መካከል ግን ይህን ሥራ የሚሠራ ዕቃ ገና አልተገጠመም። የሚገጠምበትም መንገድ ከካምቢዮው ዘንግ የተለየ አይደለም፤ በቡሎን እየሳቡ ሳይሆን፣ መሐሉን ፈልጎ፣ ክፍተቱን በዙሪያው እኩል አድርጎ፣ በትዕግሥት።